ያልተጠመጠመው ሐረግ

እትዬ ኮቴ ሰው ቤት ስትጠራ ዘው ብላ አትገባም። ደፉ ላይ ቆም ትልና የቀኝ ጫማዋን ተረከዝ አንሥታ ወለሉን ሁለት ጊዜ ትመታዋለች። ቋ፣ ቋ። ከዚያም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ወለሉ መልስ የሰጣት ይመስል ራሷን ነቅነቅ ካደረገች በኋላ ነው የልብስ ስፌት ቦርሳዋን ይዛ የምትገባው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ይዛ፣ መጋረጃ ለክታ እንድትሰፋላት ብትጠራት እንደ ልማዷ አደረገች።

"እትዬ፣ በር እያለ ወለል ያንኳኳሉ?" ብላ ሳቀች ልጅቷ።

"ከሥርሽ ማን አለ?" አለቻት እትዬ ኮቴ።

"ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው መሰለኝ።"

"ሰውየውን አይደለም። ምን ተሸክሞሻል ማለቴ ነው።"

ልጅቷ የእርጅና ነገር መሰላት። አይደለም። ይህ ፀባይ እትዬ ኮቴን የያዛት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያን ዘመን መንደሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲሱ አዝመራ ከመሰብሰቡ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው መስክ ተሰብስቦ ይጨፍር ነበር። የድምፅ ማጉያ የለም፣ ካሴት የለም፤ አንድ ከበሮና የሰው እግር ብቻ። የጭፈራው ስም ሐረግ ነው። ወንዱም ሴቱም እጅ ለእጅ ተያይዞ በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ ከፊት ያለችው መሪ በነፃ እጇ ቀይ መሐረብ እያውለበለበች መስመሩን ወዳሻት ትስበዋለች። እርምጃው ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ ነው። ሁለት ጊዜ በጣት ጫፍ ዳሰስ ዳሰስ፣ ሦስተኛው ላይ ሁሉም በአንድ እግር ድም። ይህቺን ሦስተኛዋን "መርገጫ" ይሏታል።

ሕጉ ጥቂት ነው። ከበሮው እየተመታ እጅ አይለቀቅም። መሪዋ እርምጃ ከቀየረች ሁሉም ይቀይራል። መሐረቡን ዘርግታ የጋበዘችው ተመልካች፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ተነሥቶ ይገባል፤ እንቢ ያለ ዓመቱን ሙሉ የሰው መሳቂያ ይሆናል። መጨረሻ ላይ መሪዋ መስመሩን በከበሮ መቺው ዙሪያ እያጠበበች ትጠመጥመዋለች። ሰው ትከሻ ለትከሻ እስኪጣበቅ ድረስ ይጠመጠምና አንድ ላይ ዘሎ አንድ ላይ ይረግጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት ይህቺን ጥምጥም ነበር።

በዚያ ዓመት መሐረቡ ለአናጢው ልጅ ተሰጠ። ኮቴ የሚለው ስም ገና አልወጣላትም፤ የአናጢው ልጅ ነበር የምትባለው። እናቷን በልጅነቷ ስላጣች ያደገችው በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት፣ በመላጊያና በመጋዝ መካከል ነው። አባቷ እንጨት ሲቆርጡ ሌላውን ጫፍ የምትይዘው እሷ ነበረች።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አባቷ ለአዛውንቶች አራት አግዳሚ ወንበሮች እንዲሠሩ ታዘዙ። ደረቅ እንጨት ግን ከየት ይምጣ። የዘነበበት እርጥብ እንጨት ሠርተውት ሳያድር ይጣመማል። ይህን የሰማው የእህል መጋዘኑ ጠባቂ፣ "ና እኔ ልስጥህ" አላቸው። መጋዘኑ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ታች ጋሪ ይገባበታል፣ ላይ ደግሞ እህል የሚከመርበት የጣውላ ወለል አለ። ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ትልቅ ግንድ ተሸክሞታል፤ ግንዱን ደግሞ መሐሉ ላይ አንዲት ወፍራም ምሰሶ ደግፋዋለች።

"ይቺ ምሰሶ ጋሪ ላዞርበት ከለከለችኝ" አለ ጠባቂው። "ላዩ ባዶ ነው። እህሉ እስኪገባ ሌላ ታቆማለህ።"

አባቷ ምሰሶዋን በመዶሻ ነካ ነካ አደረጓት። እንደ ደወል ጮኸች። እንዲህ ያለ ደረቅ እንጨት ያየ አናጢ ዓይኑን መንቀል ይቸግረዋል።

"አባዬ፣ ላዩስ?" አለች ልጅቷ።

"ላይ ያለው አይጥ ነው። አይጥ ደግሞ አይጨፍርም" አሏት።

አባትና ልጅ ምሰሶዋን ተጋግዘው አወረዷት፤ ሰነጠቋት፤ ላጓት። ከሷ አራት ያማሩ አግዳሚዎች ወጡ። የፋኖስ መስቀያ የነበረው ትልቅ ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ በአንደኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቀረ፤ ልጅቷ በሰም ልትደፍነው ብላ ረሳችው።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ እስከ ምሳ ድረስ ጥርት ብሎ ዋለ። ከበሮው ገና ሲሟሟቅ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። ሰዉ አግዳሚውንም ከበሮውንም እየተሸከመ ወደ መንደር ሮጠ። "መጋዘኑ ፎቅ ላይ ባዶ ቦታ አለ" አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለው። አባቷ መስክ ላይ ያቆሙትን ዳስ ነፋስ እንዳይጥለው ሊያስሩ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ልጅቷስ? ልጅቷ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዩ መሐረብ በእጇ ነበር። ስለ መሐረቡ እንጂ ስለ ምሰሶ የሚያስብ ልብ አልነበራትም። ያን መጋዘን በደስታ እየዘለለች ገባችበት፤ መሐሉ ባዶ በሆነው ወለል ላይ አልፋ፣ ምሰሶዋ ቆማ የነበረችበትን ቦታ ረግጣ፣ ደረጃውን ወጣች።

ስልሳ ሰው ያህል ፎቁ ላይ ወጣ። ከበሮ መቺው፣ ጋሼ ነጎድጓድ የሚባሉት አዛውንት፣ መሐል ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ተቀመጡ። አዛውንቶቹ በአግዳሚዎቹ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ሐረጉ ተመዘዘ።

አንድ ዙር ሄዱ፤ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ዙር ላይ ልጅቷ መርገጫዋን ረግጣ እግሯን ስታነሣ፣ ወለሉ አብሯት አልተነሣም። ትንሽ ወረደ፤ ዘግየት ብሎ ነው የተመለሰው፤ ልክ እንደ ተኛ ሰው ሆድ። ሌላው ሰው አልተሰማውም። ወለሉ የሚሰማው በእንጨት መካከል ላደገ እግር ብቻ ነው።

የሚቀጥለው መርገጫ ድም ሲል ከታች የሆነ ነገር ጠጠጥ አለ።

ክው አለች። ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ ግድግዳው ሄደ። የእናቷ እህት፣ ጉልበት የሚያማቸው አክስቷ፣ እጃቸውን በጭብጨባ እያሞቁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከአክስቷ ቀሚስ ጎን፣ በአግዳሚው ጫፍ፣ ያ የምስማር ቀዳዳ እንደ ዓይን ፈጦ ያያታል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ድቅን አለባት። ወለሉን የሚደግፈው እንጨት ወለሉ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ተቀምጦበት ነበር።

"ውጡ" ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ደረጃው አንድ ነው፤ ያውም ጥግ ላይ። ሕፃን ሳለች ገበያ ላይ አንድ በሬ ደንብሮ፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ በር ሲሮጥ አይታለች። በሬው ማንንም አልነካም፤ በሩ ላይ ግን የሰው ክንድና እግር ተሰብሯል። ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ መሐሉን አቋርጦ ቢሮጥ ግንዱ ይጠብቀዋል? አባቷ ጣውላ ሲያነጥፉ፣ "ከግድግዳ አትራቂ፤ እዚያ ነው ብርቱው" ይሏት ነበር። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በዚህቺ አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለች።

መጀመሪያ እርምጃውን ቀየረችው። ሕፃናት ሐረግ ሲማሩ የሚራመዷት "የድመት እርምጃ" የምትባል አለች፤ ሦስቱም በጣት ጫፍ፣ መርገጫ የላትም። መሐረቡን ዝቅ አድርጋ በጣቶቿ መሄድ ጀመረች።

ሳቁ ከኋላ መጣ። "ድመት ሆንን ደግሞ?" አለ አንዱ። "ወተት ሊሰጡን ይሆናላ" አለ ሌላው። ግን ሕግ ነውና ተከተሏት። ወለሉ ፋታ አገኘ። አንድ ሰው ብቻ አልቀየረም። በሐረጉ ጅራት ላይ የነበረው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ ወፍጮው እያለ የሚጠራው፣ ሁለት ሰው የሚያህል ሰው ነው።

"እኔ ድመት አልሆንም" አለ። "ይህን ሆድ ይዤ በጣት ጫፍ? ሰው ይታዘበኛል።" ድም። ከታች ጠጠጥ። ድም።

በእያንዳንዱ ድምታ ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። መስመሩን ከመሐል ሳበችውና በግድግዳው ዳር ዳር መራችው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

"ጠምጥሚው እንጂ" አለች ከኋላዋ ያለችው ጓደኛዋ። እጇ በእጇ ውስጥ ነበር። "ምን ሆነሽ ነው? እጅሽ እኮ በላብ ተጠምቋል።"

"ፈርቼ ነው። የመጀመሪያዬ ስለሆነ።" ውሸት አልነበረም።

"ጠምጥሚው፣ ጠምጥሚው" ይላል ሰዉ አሁን በአንድ ድምፅ፣ እያጨበጨበ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አግዳሚዎቹ ዘንድ ደረሰች። መሐረቡን ለአክስቷ ዘረጋች።

"እኔን ነው?" አሉ አክስቷ። "ጉልበቴን እያወቅሽው?"

"ዛሬን ብቻ፣ አክስቴ። በእናቴ ይዤሻለሁ።"

የእናቷን ስም ጠርታ ለምና አታውቅም። አክስቷ ፊቷን አዩት፤ ምን እንዳዩበት ለማንም አልተናገሩም። የአግዳሚውን ጠርዝ ይዘው ተነሡ። "ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች" ብሎ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አክስቷ መሪዋንና ጓደኛዋን ለሁለት ከፍለው ገቡ። ከዚያ መሐረቡ ወደ ሚቀጥለው አዛውንት ተዘረጋ፣ ከዚያም ወደ ሌላው። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ። አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ።

ጋሼ ነጎድጓድ ቀሩ። ወንበራቸው ልክ መሐል ላይ ነው፤ ከሥራቸው ምሰሶ የነበረበት ባዶ ቦታ። እሳቸው ካልተነሡ ሐረግ አይወጣም፤ ከበሮው ያለበት ነው የሚጨፈረው። እውነቱን ብትነግራቸውስ? ጋሼ ነጎድጓድ ምሥጢር የሚባል ነገር በአፋቸው አድሮ የማያውቅ ሰው ናቸው፤ ስማቸውም በከንቱ አልወጣም።

"ጋሼ" አለች፣ እግሯ ሳይቆም። "የወዲያኛው መንደር ከበሮ መቺ ደረጃ እየወረዱ ይመታሉ አሉ። ምት ሳያዛንፉ።"

"ማነው ያለው?"

"ሰው ነዋ የሚያወራው። 'የእናንተው ነጎድጓድ ወንበር ካልተሰጠው አይጮኽም' ነው የሚሉት።"

ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። "አንቺ የአናጢ ልጅ፣ ውጭ ዝናብ መሆኑን ታያለሽ? ቆዳው ይላላል።"

"እሱንም ብለዋል፣ ጋሼ። 'ዝናብ ሰበብ ያደርጋል' ብለዋል። ግን ይቅርብዎት። ደረጃውም ያዳልጣል፤ በዚህ ዕድሜዎ…"

ሽማግሌው የከበሮውን ማንገቻ አንገታቸው ውስጥ አስገቡና ብድግ አሉ። ብድግ ሲሉ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ጓ ሲል ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ወለሉ አለ፣ ሰዉ አለ፣ ሽማግሌውም እየመቱ ወደሷ እየመጡ ነው። "ዕድሜ ትለኛለች ደግሞ" ይላሉ።

ደረጃውን ጀመረችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በጣት ጫፍ ወረደች። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ታችኛውን ቤት አየችውና ደርቃ ልትቀር ምንም አልቀራት።

አባቷ እዚያ ነበሩ፤ ከበሮውን ከመጋዘኑ ሰምተው ሮጠው መጥተዋል። ልብሳቸው ውሃ ያንጠፈጥፋል። መሰላል ግንዱ ሥር አቁመው፣ በመሰላሉና በመሬቱ መካከል ሽብልቅ እያስገቡ ነው። መዶሻውን በኮታቸው ጠቅልለውታል። የሚመቱትም ከበሮው ሲመታ ብቻ ነው፤ ድምፃቸው በከበሮው ውስጥ እንዲደበቅ። እሳቸውም እንደሷው አስበው ኖሯል፤ ቢጮኹ ሰዉ እንደሚተራመስ። ግንዱ ከላያቸው በጎኑ ተሰንጥቆ፣ ነጭ ውስጡ ይታያል። ከኋላዋ ያለው ሰው ግን ደረጃው እንዳያዳልጠው እግሩን እግሩን ስለሚያይ ልብ አላላቸውም።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። "ውጣ፣ አባዬ" አለች በከንፈሯ፣ ያለ ድምፅ። እሳቸው ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ከዚያ በመዶሻው ጫፍ ወደ በሩ ጠቆሟት። ሂጂ።

ሄደች። አባቷን ከግንዱ ሥር ትታ መሐረብ እያውለበለበች፣ እየጨፈረች ሄደች። ከዚያ በኋላ በኖረችው ዘመን ሁሉ ከዚህ የከበደ እርምጃ አልተራመደችም። ዝናቡ ፊቷን ገረፋት። ከኋላዋ ሐረጉ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ እያማረረ ወጣ፤ አክስቷ፣ ጓደኛዋ፣ ሽማግሌው ከነምርኩዛቸው። ሠላሳ ወጡ። አርባ። ማልቀሷን ማንም አላየባትም፤ የሁሉም ፊት ርሷል። መስመሩን በግቢው ዙሪያ እየሳበች አንገቷን ወደ በሩ ጠምዝዛ ትቆጥራለች።

ጅራቱ ብቻ ቀረ። ወፍጮው ደረጃው አፍ ላይ ደርሶ፣ መላው ፎቅ ለብቻው ሆኖለት ቢያይ፣ ለስንብት ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ አንዴ ረገጠ።

ጧ።

ድምፁ ግቢው ድረስ ተሰማ። በበሩ ነጭ አቧራ ቡልቅ አለ። ልጅቷ እግሯ ከመሬት ጋር ተሰፋ። ከበሮው ይመታል፣ ሰዉ ይጨፍራል፣ እሷ ግን ከበሩ በቀር አንድም ነገር አይታያትም።

መጀመሪያ የወጣው ወፍጮው ነው። "ወለሉን ደህና ዋል ብዬው መጣሁ" ይላል እየሳቀ። ከሱ በኋላ ማንም አልወጣም። አንድ መርገጫ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ አባቷ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ከራስ ጠጉራቸው እስከ ጫማቸው በአቧራ ነጭ ሆነው፣ መዶሻውን ከነኮታቸው ታቅፈው። ዝናቡ ሲያገኛቸው አቧራው ፊታቸው ላይ ጭቃ ሆኖ ወረደ። ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

ያን ቀን ወለሉ አልወደቀም። መሰላሉ ሁለት ቦታ ቢሰነጠቅም ግንዱን ይዞት ነበር። በማግሥቱ አባቷ ስንጥቁን ሲለኩት እጃቸው እስከ አንጓው ገባ። ጠባቂው ፎቁን ቆለፈው፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ ምሰሶ ቆመ። ለሰው ግን አልተነገረም። መጀመሪያ ፈርተው ነው። እንናገር ሲሉ ደግሞ ጊዜው አለፈ፤ የሚናገሩት ጠፋቸው። አባትና ልጅ ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀመጡ።

መንደሩ ያወቀው ሌላ ነገር ነው። የአናጢው ልጅ ጥምጥሙን አበላሽታ፣ ሰውን በበዓል ልብሱ ዝናብ ላይ አወጣችው። የጋሼ ነጎድጓድ ከበሮ ቆዳው ላልቶ ሁለት ወር ድምፁ እንደ ባዶ ቅርጫት ሆነ፤ እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ሲያገኟት፣ "ቆዳዬን አምጪ" ይሏት ነበር። መሐረቡ በሚቀጥለው ዓመት ለወፍጮው እህት ተሰጠ፤ ለአናጢው ልጅ ዳግመኛ አልተመለሰም። ለምን ብላ አልጠየቀችም። መስመሩ መካከል ገብታ እንደ ማንኛውም ሰው ትጨፍራለች። ሰው ቤት ስትገባ ወለል መምታት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው፤ ኮቴ የሚለውም ስም ያኔ ወጣላት።

አባቷ ግን መስክ መውረድ ተዉ። በዓሉ ሲመጣ መጋዘኑ ውስጥ ይገቡና ከታች፣ ጀርባቸውን ለአዲሷ ምሰሶ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ፎቁ ባዶ ነው፤ ጭፈራው ከወንዝ ማዶ ነው፤ እሳቸው ግን ይቀመጣሉ። ልጅቷ ጭፈራው ሲያርፍ ምሳቸውን በሳህን ይዛ ትመጣለች።

"ስንት ሆናችሁ?" ይሏታል።

"ሠላሳ ብንሞላ ነው።"

ውሸት ነው። ሐረጉ ከዓመት ዓመት እየረዘመ መቶ ሊሞላ ደርሷል። እሷ ግን በያመቱ ትቀንስላቸዋለች፤ ሃያ አምስት፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት። ሰው እየቀነሰ ነው ትላለች።

አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ እዚያ በተቀመጡበት ዓመት በጣም አርጅተው ነበር። ሳህኑን አጠገባቸው አኖረችው።

"ስንት ሆናችሁ?"

"አሥር እንኳ አንሞላም፣ አባዬ።"

አባቷ አልበሉም። መዳፋቸውን ምሰሶዋ ላይ አሳረፉ። ከወንዙ ማዶ ከበሮው እንደገና ተነሥቶ ነበር። መርገጫው በመሬት ውስጥ መጥቶ፣ በምሰሶዋ በኩል ወደ እጃቸው ይገባል፤ እሷም መዳፏን ብታስጠጋ ተሰማት። ድም።

"ይሄ የአሥር ሰው እግር ነው?" አሉ።

"ወፍጮው አለበት እኮ" አለች።

አባቷ ሳቁ። ከዚያ ዝናባማ ቀን ወዲህ በበዓል ቀን ሲስቁ ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እየሳቁም መዳፋቸውን ከምሰሶዋ ላይ አላነሡም፤ ከበሮው እስኪያበቃ ድረስ እንደ ያዟት ቆዩ።